ጌጤ ያልኳት ልጅ

ጥር 6 ቀን 1977

ደብተሩ የመጠለያው ነው። ለልጆቹ ከመጣው አንዱን ወስጃለሁ። ሆድ የባሰው ሰው መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ለሰው ከምተነፍስ ለወረቀት ይሻላል፣ ወረቀት ሐሜት አያመላልስም።

ዛሬ አዲሷ ሠራተኛ መጣች። ብዙነሽ ትባላለች። የሕፃናት አያያዝ ሦስት ወር ተምራ ከባሕር ዳር ነው የላኳት። ሦስት ወር! እኔ ይህ መጠለያ በሩ ከተከፈተ ቀን ጀምሮ ሞግዚት ነኝ፤ የስንቱን ቅማል ለቅሜ፣ የስንቱን ተቅማጥ አጥቤ። ኃላፊያችን ጓድ ካሳው ሁላችንን ሰብስቦ፣ «ጓዲት ብዙነሽ ዘመናዊ አሠራር ይዛልን መጥታለች» አለ። እኔ ያየሁት ዘመናዊ ነገር ነጭ ሸራ ጫማዋን ነው። በደብረ ታቦር አቧራ እስከ ዓርብ ነጭ ሆኖ ከቆየ እኔ ፈንታነሽ አይደለሁም።

ልጆቹ ወዲያው ከበቧት። ጌጤም ሄደች።

ጥር 10

ዓርብ። ጫማው ነጭ ነው። ማታ ማታ ታጥበዋለች መሰለኝ። ሥራ የሌለው ሰው።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ልጆቹን ታቦት ለማየት ወስደናቸው ነበር፤ ስንሄድ ጌጤ የእኔን እጅ ይዛ፣ ስንመለስ የብዙነሽን። ደክሟት ነው፤ ብዙነሽ ቀርባ ነበር።

አሁን ተኝተዋል፣ ልጻፍ። ጌጤ ማን እንደሆነች ይህ ደብተር ይወቅ።

ኅዳር 12 ቀን በጭነት መኪና ከእብናት ሃያ ሁለት ልጆች አመጡልን። ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ መዝጋቢዋም እኔ ነኝ፤ ስም፣ አገር፣ አባት፣ እናት። መጨረሻ የወረደችው አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ የወንድ ሸሚዝ ለብሳ፣ የአንገቷ ካርቶን ጽሑፉ በላብ ጠፍቶ፣ ብጠይቃት ብጠይቃት ቃል አልወጣትም። የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። እስኪመሽ አልለቀቀችም። ስመዘግብ፣ ሳበላ፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ይዛው ነበር።

ስም የሚለውን ቦታ ባዶ መተው አልሆነልኝም። ጌጤ ብዬ ጻፍኩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚችን እኔ አወጣሁት። አባትና እናት ከሚለው ላይ «የሞቱ» አልኩ። ያልሞተ ሰው ልጁን ለመኪና ይሰጣል?

አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር «ዘርቶ መቃም፣ ወልዶ መሳም ይስጥሽ» ሲሉኝ አሜን ስል ኖርኩ። ባሌ አሜኑ ሰልችቶት ሌላ አገባ። አሁን ሦስት ልጆች አሉት። ባገኘኋቸው ቁጥር አፍንጫቸውን አያለሁ፣ የእሱ ነው። ግድ የለኝም።

ግን ጌጤ ነጠላዬን ስትይዝ ያን ሁሉ አሜን እግዜር የሰማው መስሎኝ ነበር።

ጥር 23

ብዙነሽና ጌጤ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው። ስጠጋ ዝም አሉ። ልጂቱ በእንጨት መሬት ላይ ክብ ክብ ሥላለች። ብዙነሽ፣ «እትዬ ፈንታነሽ፣ ስትመጣ ስለ ሰፈሯ ያለችው ነገር አልነበረም? ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ወንዝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኳት።

እውነት ነው፤ ስትመጣ ምንም አላለችም።

ልጅ መስረቅ እንዲህ ነው የሚጀመረው። በሥዕል፣ በዘፈን፣ በኪስ ከረሜላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ብዙነሽ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አግብታ ስድስት መውለድ ትችላለች። የእኔን አንዷን ምን ያስመኛታል?

የካቲት 4

ጠጉሯን ስሠራት ነው ያለችው። ደግሞ እንደ ዋዛ።

«እታለም፣ እኔኮ ዘነበች ነኝ።»

ማበጠሪያውን ጣልኩት። «ማን አለሽ?»

«እናቴ ናት ዘነበች የምትለኝ። የተወለድኩ'ለት ዝናብ ነበር።»

«እናትሽ የት አለች?»

«አተኮሳት። ድንኳን ውስጥ ተኝታለች።»

ተኝታለች ነው ያለችው። ልጅ ሞትን እንቅልፍ ይለዋል፤ የእኔም እናት ስትሞት ተኛች ብለው ነው ያታለሉኝ። ደግሞስ መዝገቡ በቀለም ተጽፏል፤ ጓድ ካሳው ስርዝ አይወድም። አንድ ልጅ በአንድ ቀን የተናገረችውን ሁሉ ብንጽፍ መዝገብ አይበቃንም።

ጠጉሯን ጨርሼ ቆሎ ሰጠኋት። «ማነሽ?» አልኳት። «ዘነበች» አለች። ሌላ እፍኝ ዘግኜ በእጄ ያዝኩት። «ማነሽ?» ትንሽ አሰበች። «ጌጤ።» ሰጠኋት።

የካቲት 7

አትረሳም። ቆሎው ግን እየሠራ ነው። ለብዙነሽ ሲሆን ሁልጊዜ ጌጤ ነኝ ትላለች። ሰማኋት።

የካቲት 14

ጥበቃው ይርጋ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች አለኝ። በእብናት ድንኳን ታማ ስትነሣ ልጇን አጥታለች፤ በገሳይ ከተማ በኩል አድርጋ፣ እየጠየቀች እዚህ ደርሳለች። ዘነበች የምትባል ልጅ አለች ወይ ትላለች።

ይርጋን ቆይ ብዬው መዝገቡን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩበት። ዘነበች የሚል የለም።

«መዝገቡ ላይ የለችም በላት» አልኩት።

ሴትየዋን አላየኋትም። የአጥሩ ቆርቆሮ ከፍ ያለ ነው። ዘነበች የሚባል ልጅ በአገሩ ስንት አለ! ከጉና እስከ በለሳ ብንቆጥር ያልቃል? ዓመቱን ሁሉ ሰው ልጁን ሲፈልግ ነው የከረመው። መዝገቡ የሚለውን ነው ያልኩት። መዝገብ አይዋሽም።

የካቲት 15

ራሴን አሞኛል። ጌጤን ከአልጋዬ ጎን አስተኛኋት። ደንቡ አይፈቅድም።

የካቲት 16

ይርጋን፣ ያቺ ሴት ወዴት ሄደች አልኩት። አልጠየቅኳትም አለ። ለምን እንደጠየቅኩትም አላውቅ።

የካቲት 28

መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ ዘመድ ያለው ልጅ ከዘመዱ ጋር ይሁን፤ የሌለው ፈቃደኛ ቤተሰብ ይውሰደው፤ ለሚያሳድግ ሁሉ በየወሩ ስንዴና ዘይት፣ ሲወስድ ደግሞ ብርድ ልብስ ይሰጠው ይላል። ብዙነሽ ደስታዋ ሌላ ነው። «ልጅ መጠለያ ውስጥ ይቆያል እንጂ አያድግም» ብላ ስብሰባው ላይ ተናገረች፤ አጨበጨቡላት። የእኔ ጌጤ ሦስት ጣት ያህል መጨመሯን ምሰሶው ላይ በከሰል ምልክት አድርጌያለሁ፤ ለእኔ ማን አጨበጨበ?

ሌላም ሐሳብ አላት። መዝገቡን ይዛ በየቅዳሜው ገበያ ላይ ቆማ ስማቸውን ልትጠራ ነው፤ ዘመድ የሆነ እንዲሰማ።

ከስብሰባው በኋላ ጓድ ካሳው ዘንድ ገባሁ። ጌጤን ለእኔ ስጠኝ አልኩት።  ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንቺ ካላሳደግሽ ማን ያሳድጋል? ሦስት ቅዳሜ ስሟ ይጠራ። የመጣ ከሌለ ያንቺ ናት፤ ሽማግሌ አቅርበሽ ትፈርሚያለሽ» አለ።

ሦስት ቅዳሜ። ጌጤ ተብላ ነው የምትጠራው። ማን ይመጣል? ጌጤን የሚያውቃት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን ስጽፍ እጄ ደስ አላለውም።

መጋቢት 7

አንደኛው ቅዳሜ። ብዙነሽ ድምፅ በሚያጎላ የቆርቆሮ ቀፎ እየጮኸች አነበበች አሉ። ሁለት ልጆች አጎት ተገኘላቸው። ለጌጤ ማንም።

መጋቢት 14

ሁለተኛው። ለአንድ ልጅ አያቱ መጣችለት። ለጌጤ ማንም። ብዙነሽ አዝና፣ «ይቺ ልጅ እናት ያላት ይመስለኝ ነበር እኮ። ስለ እናቷ ስትናገር ታለቅሳለች እንጂ እንደ ሞተባት አይደለም» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ታውቂያለሽ» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እትዬ» አለች። ይቅርታ ስትለኝ የባሰ ጠላኋት። ክፉ መልስ ብትሰጠኝ ምን አለበት?

መጋቢት 17

የነፍስ አባቴ አባ ደሞዜ ዘንድ ሄድኩ። በአገራችን ወግ ይሁንልኝ፣ ወረቀቱ ለመንግሥት ነው አልኳቸው። የጡት ልጅ ላደርጋት ነው፤ ታቅፌያት፣ አውራ ጣቴን ማር ነክሬ በሽማግሌ ፊት ትጠባለች። ከዚያ በኋላ በሰማይም በምድርም ልጄ ናት፤ ብዙነሽ ሥዕል ብትሥል ባትሥል።

አባ ቅዳሜ መጋቢት 21፣ በማርያም፣ ከሰዓት እመጣለሁ አሉ። ማሩን ከአንድ የጉና ንብ አርቢ አገኘሁ፣ ነጭ ነው።

ወጥ ቤት በር ላይ ስደርስ ወጥ ሠሪዋ አበበች ለአንዷ ስታወራ ሰማሁ፦ «ታሳዝናለች፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ።» ስገባ ስለ ሽሮው ማውራት ጀመረች። ለእኔ አይደለም ያለችው፤ ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

መጋቢት 21

ሦስተኛው ቅዳሜ። ጠዋት ተጠራች። ማንም አልመጣም።

ከሰዓት ቤቴ ተሰበሰብን። አባ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አበበች። ጌጤን አዲስ ቀሚስ አልብሼ ታቅፌያታለሁ፤ ልቧ ሲመታ በደረቴ ይሰማኛል። ማሩ በጽዋ ቀርቧል። አውራ ጣቴን ነከርኩ።

አባ ሊጸልዩ ተነሡና የክርስትና ስሟን ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። «እስቲ እሷን ልጠይቃት» ብለው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ስምሽ ማነው?»

አየችኝ። እጄ ላይ ቆሎ ፈልጋ ነው መሰለኝ። እጄ ላይ ያለው ማር ነው።

«እናቴ ዘነበች ትለኛለች» አለች።

«የቤት ስሟ ነው፣ አባ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእነሱ በቂ ነበር። አባ ግን አልተነሡም።

«እናትሽስ?»

«ተኝታለች። ስትነሣ ትመጣለች።»

አባ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ማሩ ከጣቴ ላይ እየወረደ ነበር። «ፈንታነሽ፣ ይህን የምጠይቅሽ እንደ ነፍስ አባት ነው። የምታውቂው ነገር አለ?» አሉኝ። እሳቸውን መዋሸት አልሆነልኝም። ስለ መዝገቡም፣ ስለ ቆሎውም፣ በር ላይ ስለ መጣችው ሴትም ነገርኳቸው። 

«በሕያው እናት ላይ ማር አላስልስም» አሉ። «የነገርሽኝ ከእኔ አይወጣም። ከአንቺ ግን መውጣት አለበት። ስሟን ሳትመልሺ ለፋሲካ ይፍቱኝ ብለሽ አትምጪ።»

ገብተው ለሽማግሌዎቹ፣ «ጾሙ ይለፍ» አሏቸው። ተበተኑ። ጌጤ ማሩን በጣቷ እየጠቀሰች ላሰችው። ብቻዋን።

መጋቢት 24

ለማን ልናገር? ለጓድ ካሳው? ያባርረኛል። ለብዙነሽ? እሷ ደግሞ አትቆጣም፤ ዓይኗ እንባ ይሞላና ትከሻዬን ትይዛለች። ከሷ እጅ ይቅርታ ከምቀበል ዱላ ይሻለኛል።

ደግሞስ ያቺ ሴት እስካሁን የት ትገኛለች? ሄዳለች። ከሄደች ልጂቱ የእኔ ናት። አባ ቸኩለዋል።

መጋቢት 27

ብዙነሽ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ድምፅ የሚባል የላትም። በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፦ «እትዬ፣ ነገ ገበያ እርስዎ ያንብቡልኝ። ገና አሥራ ሰባት ልጆች አሉ። ጽሕፈቱም የእርስዎ ነው፣ አይከብድዎትም።»

ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

እሺ ብያለሁ። የጌጤ ሦስት ቅዳሜ አልቋል፤ የእሷን መስመር ብዘል ማንም አይጠይቀኝም።

መጋቢት 28

እንዳለ ልጽፈው።

በርበሬ ተራ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ቀፎውን ይዤ ጀመርኩ። ስም ስጠራ ገበያው ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ መልሶ ይንጫጫል። ያን አላውቅም ነበር። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ሴቶች እጃቸው ሚዛን ላይ ይቆማል። ሁሉም የጠፋበት አለ ማለት ነው።

ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት። ጌጤ፣ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ከእብናት የመጣች። ልዘለው ነበር። ዘልዬው ሃያ ሦስትን አነበብኩ። ሃያ አራትን አነበብኩ። ጨርሼ ከድንጋዩ ልወርድ አንድ እግሬን አውርጃለሁ።

ሰሌን ዘርግታ ጌሾ የምትሸጥ ቀጭን ሴት አንጋጣ ታየኛለች። ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ እሷ አልተመለሰችም። የሚቀር ስም ይኖር እንደሆነ ትጠብቃለች። አፍንጫዋ የጌጤ ነው።

ሰው ልብ ባይኖረው ምን አለ። እግሬን መለስኩት።

«ዘነበች» አልኩ። ዝቅ አድርጌ ነው፤ ቀፎውንም አላነሣሁትም። ካልሰማች አልሰማች ብዬ ነው።

አንዷ በርበሬ ሻጭ፣ «ኧረ ጮክ በይ! ለማን ነው የምታነቢው?» አለችኝ።

«ዘነበች! ከእብናት! ስትወለድ ዝናብ የነበረ!»

ጌሾዋን በትና መጣች። እልል አላለች፣ አላለቀሰች። እግሬን ያዘች። ስሟ እቴነሽ ነው።

አቀበቱን ስንወጣ እሷ ነች የምታወራው። በየቅዳሜው እዚያ ትቀመጣለች፤ ጌሾውን የምትሸጠው ስም ለመስማት ነው። መጠለያው በር ላይም መጥታ ነበር፣ መዝገብ አይተው የለችም አሏት። ከዚያ ሰው ስትጠይቅ ገበያ ላይ ይጠራሉ ሲሏት ቀረች። «እግዜር ይስጥዎ፣ አንቱን ባያመጣልኝ» ትለኛለች በየእርምጃው። እኔ፣ ዳገቱ ደከመኝ እላለሁ።

በሩን ገብተን ገና ሦስት እርምጃ ሳንራመድ አበበች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ወሬው ከገበያ ቀድሞን ደርሷታል። በሙሉ ድምፅዋ፣ «ጌጤ! ኧረ ጌጤ! እናትሽ መጣችልሽ!» አለች።

እቴነሽ ቆመች። ዞራ አየችኝ።

ልጂቱ ወጣች። እናቷን አይታ መጀመሪያ እኔ ኋላ ተደበቀች፤ ነጠላዬን እንደ ያኔው ጨምድዳ። ይህን አልክድም፣ ደስ አለኝ። በዚያች ሰዓትም ደስ አለኝ። «ዘነቡ» አለች እናቷ፣ በርከክ ብላ፤ «የእኔ ዘነቡ፣ ተነሣሁ እኮ።» የልጂቱ ጣቶች ነጠላዬ ላይ ሲላሉ አንድ በአንድ ተሰማኝ።

መጋቢት 29

ሆሣዕና። ልጆቹ የዘንባባ ቀለበት አድርገው ይሯሯጣሉ።

መሸኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጠዋት ጓድ ካሳው ዘንድ ገብቼ ሁሉን ነገርኩት። ከመዝገቡ አነሣኝ፤ ስለ ሌላው ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን አለ። ይህን አንድ መሸኛ ግን ልጻፍ፣ መዝገቡ ላይም ስሟን ላርም ብዬ ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። ብዙነሽ ድምፅ የላትም፤ አጠገቤ ቆማ ብርድ ልብሱን አጠፈች። አላየኋትም። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ገበያ ለገበያ ስትዞር የከረመች እሷ ናት፤ ዛሬ ነው ልብ ያልኩት።

መዝገቡ ላይ «ጌጤ» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ «ዘነበች» ብዬ ጻፍኩ። «የሞቱ» የሚለውን ሰርዤ «እቴነሽ፣ እናት» አልኩ። እቴነሽ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ስንዴውን፣ ዘይቱን፣ ብርድ ልብሱን ተረከበች።

ከዚያ ሌሎቹ ወጡና እኔና እቴነሽ ቀረን።

«ወፍራለች» አለች። «ጠጉሯም ተሠርቷል። እግዜር ይስጥልኝ።» ቀና ብላ፣ «በር ላይ የመጣሁ'ለት፣ መዝገቡን አይተው የለችም ያሉኝ አንቱ ነዎት?»

መዝገቡ ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ዘይቱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሦስት ቅዳሜ ጌጤ፣ ጌጤ እያሉ ሲጠሩ ሰማሁ» አለች። «ማንም አልመጣላት። እናቷን ስረግማት ነበር፤ ምን ያለች ጨካኝ ናት፣ ልጇን በስሟ እየጠሩላት ዝም የምትል እያልኩ።»

ከዚያ ልጇን አዘለች። ዘይቱ በአንድ እጅ፣ ስንዴው በይርጋ ትከሻ እስከ መኪናው። ልጂቱ ከጀርባዋ ላይ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበት ነበር። እኔም አወዛወዝኩ። ምን ብዬ እንደምጠራት ስላላወቅኩ ሳልጠራት ቀረሁ።